ጫካ ጠባቂው፣ ጠበቃውና የማዕድን መሐንዲሱ

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 «ሲስተማ ናቱሬ» የተባለውን መጽሐፉን ለዐሥረኛ ጊዜ ሲያሳትም ለሚያውቃቸው እንስሳት ሁሉ ባለ ሁለት ቃል የላቲን ስም ሰጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለመዥገርና ለጥቃቅን ዘመዶቹ የደረሳቸው ቦታ ግን ጠባብ ነበር። ከብት ላይ የሚጣበቀው መዥገር፣ ዱቄት ውስጥ የሚርመሰመሰው ማይት፣ ቅጠል ላይ ድር የሚያደራው፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኘውና ከፋይ የለበሰ የሚመስለው ቀዩ ሁሉ «አካሩስ» በሚባል አንድ ወገን ተጠቃለሉ። ሠላሳ ገደማ ዝርያዎች ነበሩ። ዛሬ ሳይንስ የሚያውቃቸው የማይት ዝርያዎች በዐሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ከእነዚያ ሠላሳዎቹ አንዷን ሊኔየስ «አካሩስ ኮሊዮፕትራቱስ» አላት። ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጥቁር ቡናማ ናት፤ ጀርባዋ ያብለጨልጫል፤ ከትከሻዋ ግራና ቀኝ ክንፍ የሚመስል ጠንካራ ቅርፊት ወጥቶ ወደ ታች ታጥፏል። ለዓይን ጥንዚዛ ትመስላለች፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። የምትኖረው በአውሮፓ ሜዳና ደን፣ በሽበትና በወደቀ ቅጠል ሥር ነው። ዛሬ የምትጠራው «አኪፕቴሪያ ኮሊዮፕትራታ» በሚል ስም ሲሆን፣ አኪፕቴሪያ የተባለውን ወገን ጣሊያናዊው አንቶኒዮ በርሌዜ በ1885 ለብቻው አቆመው። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው 127 ዓመት የአፈር ማይቶች ምደባ እንዴት እንደተወለደ ያሳያል። ይህን ሥራ ወደፊት የገፉት ሰዎች አብዛኞቹ እንጀራቸውን የሚበሉት በሌላ ሙያ ነበር፤ ከዚያ ሙያቸው ይዘውት የመጡት የአስተያየት ልማድም ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ጠቅሟል።

እነዚህ የአፈር ማይቶች ዛሬ ኦሪባቲድ በሚል የጋራ ስም ይታወቃሉ። በሰውም ሆነ በከብት ላይ አይኖሩም። አብዛኞቹ የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ እየበሉ ቅጠሉን ወደ አፈርነት የሚመልሱ ናቸው። በቀዝቃዛ አገር ደን ውስጥ ከአንድ ካሬ ሜትር መሬት ሥር በመቶ ሺዎች ሊገኙ ይችላሉ።

አካላቸው ሁለት ዋና ክፍል አለው። ፊተኛው ክፍል አፍና የመጀመሪያዎቹን እግሮች ይይዛል፤ ኋለኛውን ደግሞ ክብ ጋሻ ይሸፍነዋል። አፋቸው ላይ ምግብ የሚቆርሱበት ጥንድ መቆንጠጫ አለ። አብዛኞቹ ዓይን የላቸውም፤ በዓይን ፈንታ ከራሳቸው ግራና ቀኝ ካለ ጉድጓድ አንድ አንድ ረጅም ጸጉር ወጥቶ የአየሩን ንዝረት ይነግራቸዋል። ይህ ጸጉር በአንዱ ዝርያ እንደ ክር የቀጠነ፣ በሌላው ጫፉ ያበጠ፣ በሦስተኛው ማበጠሪያ መሳይ ነው፤ መዳቢዎችም ዝርያ ሲለዩ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ቅርፊታቸው ጠንካራ ነው፤ በአንዳንዶቹ ካልሲየም ገብቶበት ይበልጥ ይጸናል። ፍቲራካረስ የተባለው ወገንና ቅርብ ዘመዶቹ አደጋ ሲመጣ እግሮቻቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ፊታቸውን እንደ ሙዳይ ክዳን ይገጥሙታል። እርባታቸውም ለብቻው ነው፦ ወንዱ ሴቷን ሳይነካ የዘር ጠብታውን በቀጭን ዘንግ ጫፍ መሬት ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ ሴቷ ስታልፍ ታነሣዋለች። ጭራሽ ወንድ የሌላቸው ዝርያዎችም ብዙ ናቸው።

ከሊኔየስ በኋላ የመጡት ሁለት ፈረንሳውያን የፈረንሳይ አብዮት የነካቸው ነበሩ። የስትራስቡርጉ ወጣት ሐኪም ዣን ፍሬደሪክ ኸርማን ስለ ማይቶች የጻፈውን ሳያሳትም በአብዮቱ ዘመን ሞተ፤ መጽሐፉ በ1804 ከሞተ በኋላ ታተመ። ቄስ የነበረው ፒየር አንድሬ ላትሬይ ደግሞ ቦርዶ ታስሮ ሳለ በክፍሉ ወለል ላይ ያገኛት ብርቅ ጥንዚዛ ነፍሱን አተረፈችለት፤ ጥንዚዛዋን ያየ ሐኪም ለአዋቂዎች ልኳት ስሙ በመታወቁ ተፈታ። ላትሬይ በ1802 «ኦሪባታ» የሚል ወገን አቁሞ ጠንካራ ቅርፊት ያላቸውን የአፈር ማይቶች ከመዥገርና ከዱቄት ማይት ለያቸው። የሊኔየስ ጥቅል ለአፈር ማይቶች መፈታት የጀመረው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የባቫሪያ ጫካ ጠባቂ ነው። ካርል ሉድቪግ ኮህ (1778–1857) የመንግሥት የደን ሹም ሆኖ በሬገንስቡርግ ይሠራ ነበር። ከ1835 እስከ 1844 በትንንሽ ደብተሮች እየከፋፈለ ያሳተመው ሥራ በእጅ ቀለም የተቀቡ ሥዕሎች ያሉት ሲሆን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማይቶችን ይዟል። ጫካውን እንደ ጓዳው የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ሽበቱን፣ የበሰበሰ ግንዱን፣ የረግረጉን ዳር ለየብቻ ፈተሸ። ብዙዎቹ የሰጣቸው ስሞች ዛሬም ይሠራሉ።

አንድ ነገር ግን አሳሳተው። ኦሪባቲድ ከእንቁላል ሲፈለፈል ስድስት እግር ብቻ አለው፤ ከዚያ ቆዳውን እየጣለ ሦስት የልጅነት ደረጃ አልፎ ነው ስምንት እግርና ጥቁር ቅርፊት ያለው አዋቂ የሚሆነው። ልጁ ብዙ ጊዜ ገርጣ ያለ፣ ለስላሳና የተሸበሸበ በመሆኑ ከእናቱ ጋር አይመሳሰልም። ኮህ «ሙርሲያ» ብሎ ያቆመው ወገን የተመሠረተው በእንዲህ ያሉ ልጆች ላይ ነበር። ልጅና እናት በሁለት ወገን ተመድበው ለዓመታት ቆዩ። ይህን የሰውየው ጉድለት ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። የሞተ ናሙና ብቻ የሚያይ መዳቢ ሁሉ በዚህ ወጥመድ መግባቱ አይቀርም፤ መውጫውም አንድ ብቻ ነው፦ እንስሳውን ከነሕይወቱ ይዞ ሲያድግ ማየት።

ይህን መንገድ በ1855 ስለ ፓሪስ አካባቢ ማይቶች በጻፈው መጽሐፍ ኤርኩል ኒኮሌ ከፈተው። የጨረሰው ግን አልበርት ዴቪድሰን ማይክል (1836–1927) የተባለ እንግሊዛዊ ጠበቃ ነው። ማይክል ማይቶቹን በትንንሽ የመስታወት ክፍሎች እያኖረ፣ እርጥበቱ እንዳይደርቅ፣ ሻጋታውም እንዳያሸንፋቸው እየጠበቀ፣ ከልጅነት እስከ አዋቂነት ተከታተላቸው። በቀዝቃዛ አገር አንድ ኦሪባቲድ ለመጎልመስ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው። አንዳንዶቹ ልጆች የጣሉትን ቆዳ በጀርባቸው ተሸክመው፣ በእያንዳንዱ ደረጃ አዲሱን ከፊተኛው ሥር እየደረቡ እንደሚሄዱ በዝርዝር ሣለ። «የብሪታንያ ኦሪባቲዶች» የተሰኘው ሥራው በ1884 እና በ1888 በሁለት ቅጽ ታተመ።

ጠበቃ ማስረጃ ሳይቀርብለት አይፈርድም። ማይክልም ይህች የዚያች ልጅ ናት የሚለው ዓይኑ እያየ ስታድግ ብቻ ነበር። ከዚህ ጽሑፍ ባለ ታሪኮች ሁሉ ከተገባው በታች የተወራለት እሱ ይመስላል፤ ስም ያወጡት ሲታወሱ፣ የስሞቹን እውነትነት ያጣራው ብዙም አይነሣም።

እስከዚያ ድረስ ማይት መሰብሰብ ማለት ነጭ ጨርቅ ላይ ቅጠል አራግፎ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ መልቀም ነበር። የፍሎረንስ የእርሻ ነፍሳት ምርምር ጣቢያ ኃላፊ የነበረው አንቶኒዮ በርሌዜ (1863–1927) በ1905 ይህን ለወጠው። ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ የብረት መቅጃ ሠራ፤ ዙሪያውን በሙቅ ውሃ ከበበው፤ አፈሩንና ቅጠሉን በወንፊት ላይ አድርጎ ከላይ አስቀመጠ። አፈሩ ከላይ እየደረቀ ሲሄድ እርጥበት የሚሹት ፍጥረታት ወደ ታች ይሸሻሉ፤ ወንፊቱን አልፈው ከመቅጃው ሥር በተቀመጠ የአልኮል ዕቃ ውስጥ ይወድቃሉ። በ1918 ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን ሙቅ ውሃውን በኤሌክትሪክ አምፖል ተካው። መሣሪያው ዛሬም በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራል፤ በመላው ዓለም የአፈር ጥናት ቤተ ሙከራዎችም ያለ ብዙ ለውጥ ያገለግላል።

ውጤቱ ጎርፍ ነበር። አንድ ጆንያ ቅጠል በሺዎች የሚቆጠሩ ማይቶች ይሰጥ ጀመር፤ በርሌዜም ከጣሊያን አልፎ ከሌሎች አገሮች የተላኩለትን ናሙናዎች ጭምር እየመረመረ ስም አወጣ። ችግሩ መግለጫዎቹ አጫጭር የላቲን ማስታወሻዎች መሆናቸው ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች በርሌዜ የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ፍሎረንስ የተቀመጡትን ስላይዶች እንደገና ማየት አስፈልጓቸዋል። ሃንጋሪያውያኑ ሻንዶር ማሁንካና ሉዊዛ ማሁንካ ፓፕ በርሌዜ ስለ ሰየማቸው ኦሪባቲዶች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያወጡት በ1995 ነው፤ በርሌዜ ከሞተ ከ68 ዓመት በኋላ። በችኮላ የተጻፈ መግለጫ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

የስሞቹን ውዥንብር ለማጥራት የተነሣው ሌላው ሰው የሆላንዱ አንቶኒ ኮርኔሊስ ኡደማንስ (1858–1943) ነው። መጀመሪያ የሄግ የአራዊትና የዕፅዋት መናፈሻ ዳይሬክተር፣ በኋላም በአርንሄም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ከማስተማሩ በተረፈው ጊዜ ስለ ማይትና መዥገር የተጻፈውን ሁሉ፣ ከሆሜር ዘመን እስከ 1850፣ አንብቦ እየመረመረ ከ1926 እስከ 1937 በተከታታይ ቅጾች አሳተመው። የሰው ልጅ ስለ እነዚህ ፍጥረታት የጻፈውን አንድም ሳይዘል ለማየት የሞከረ ከእሱ በፊት አልነበረም።

ከሁሉ የጠለቀው ለውጥ ግን የመጣው ፈጽሞ ካልታሰበ ወገን ነው። ፍራንሷ ግራንዣን (1882–1975) ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። በወጣትነቱ የክሪስታል አሠራር አጥንቷል፤ ዛሬ በቴሌቪዥንና በስልክ ስክሪን ውስጥ የምናገኘው ፈሳሽ ክሪስታል ገና በሚጠናበት በ1910ዎቹ ያደረገው ምርምር በፊዚክስ መጻሕፍት ስሙን አስቀርቶታል። በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ አርባ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ፊቱን ወደ አፈር ማይቶች መለሰ፤ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜም አልተለያቸውም።

የማዕድን ሰው ድንጋይ የሚመረምረው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ በሚያደርግ ማይክሮስኮፕ ነው። ሁለቱ ማጣሪያዎች ተቃርነው ሲቆሙ መስኩ ይጨልማል፤ ብርሃኑን የሚያጣምም ክሪስታል ካለ ግን በጨለማው ውስጥ ያበራል። ግራንዣን ማይቶቹን በዚሁ መሣሪያ አየ። የኦሪባቲዶች ጸጉር አበራ። የቀይ ከፋዩ ማይትና ቅጠል ላይ ድር የሚያደሩት ጸጉርም አበራ። የመዥገርና የቅርብ ዘመዶቹ ጸጉር ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። በ1935 ይፋ ያደረገው ይህ ግኝት ሊኔየስ «አካሩስ» ያለውን ጥቅል ከመሠረቱ ለሁለት ከፈለው፦ በጸጉራቸው እምብርት ብርሃን የሚያጣምም ንጥረ ነገር ያላቸውና የሌላቸው። ይህ ክፍፍል እስከ ዛሬ የማይት ምደባ ዋና ምሰሶ ነው።

ግራንዣን በዚህ አላበቃም። ማይቱን በላክቲክ አሲድ አስገብቶ፣ ሥጋው ሟሙቶ ቅርፊቱ ሲቀር፣ በመስታወቱ ሥር በቀስታ እያንከባለለ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን ሣለው። እያንዳንዷን ጸጉር ስምና ምልክት ሰጥቶ በየትኛው ዕድሜ እንደምትበቅል፣ በየትኛው ዝርያ እንደምትጠፋ መዘገበ። ከእሱ በፊት ጸጉር ጌጥ ነበረች፤ ከእሱ በኋላ የዘር ሐረግ ማስረጃ ሆነች። አጠቃላይ ቅርጽ ያታልላል፤ ሁለት የማይዛመዱ ማይቶች በአንድ ዓይነት ኑሮ ምክንያት አንድ ዓይነት ክብ ጋሻ ሊያበቅሉ ይችላሉ። የእግር ጸጉር አቀማመጥ ግን በቀላሉ አይዋሽም። የሊኔየሷ አኪፕቴሪያም ዛሬ ከዘመዶቿ የምትለየው በክንፍ መሳዩ ቅርፊቷ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባሉ ረቂቅ ምልክቶች ነው።

ይህ ሁሉ ለብዙ ጊዜ የጥቂት ሰዎች ፍላጎት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። አሜሪካዊው ሆራስ ስታንካርድ በ1937 ባወጣው ጥናት ግን የበጎች የኮሶ ትል በኦሪባቲድ ማይት በኩል እንደሚተላለፍ ታወቀ። ሞኒየዚያ የተባለው ትል እንቁላሉ ከበጉ በጠጥ ጋር መስክ ላይ ይወድቃል፤ ማይቱ እንቁላሉን ይበላዋል፤ እጩ ትሉ ማይቱ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ በጉ ሣሩን ሲግጥ ማይቱንም አብሮ ይውጠዋል። ይህ ትል በኢትዮጵያ በጎችም ላይ የተለመደ ነው። የትኛው ማይት ትሉን እንደሚያስተላልፍ ለማወቅ የእንስሳት ሐኪሙ የመዳቢው ደጅ መጥናት ነበረበት፤ ሁሉም ዝርያ አያስተላልፍምና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሥራው ማዕከል በከፊል ወደ ቡዳፔስት ዞረ። ያኖሽ ባሎግ (1913–2002) የመላውን ዓለም ኦሪባቲድ ወገኖች መለያ ቁልፍ አዘጋጀ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የሃንጋሪ የአፈር እንስሳት ጉዞ ኮንጎ ብራዛቪል ደርሶ ናሙና ሰበሰበ። እስከዚያ ምደባው በአብዛኛው በአውሮፓ አፈር ላይ የቆመ ነበር፤ የሐሩር አገር ቅጠል ሲገባ የወገኖቹ ቁጥር አሻቀበ። ዛሬ ስም ያላቸው ኦሪባቲዶች ከ11,000 ዝርያ በላይ ናቸው።

በ1988 ደግሞ ታሪኩ ወደ ኋላ ረዘመ። ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ጊልቦዋ አጠገብ ከተገኘ ድንጋይ፣ ድንጋዩን በአሲድ አሟሙተው የማይት ተመራማሪው ሮይ ኖርተንና ባልደረቦቹ ከ370 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ኦሪባቲዶችን አወጡ። ዳይኖሰር ከመፈጠሩ፣ አበባ ከመታየቱ እጅግ አስቀድሞ የኖሩ ሲሆኑ፣ ጸጉራቸውና እግራቸው ሳይቀር ይታያል። አንደኛው «ዴቮናካረስ ሰልኒኪ» ተብሎ በጀርመናዊው መዳቢ ማክስ ሰልኒክ ስም ተሰየመ።

ያው ኖርተን በ1998 ያቀረበው ሐሳብ ብዙዎችን አስደንግጧል፦ የዱቄት ማይት፣ የቤት አቧራ ማይትና ሰውን የሚያሳክከው የእከክ ማይት ሁሉ ከአፈር ኦሪባቲዶች መካከል የወጡ ናቸው አለ። ማስረጃው የአካል አሠራራቸው ነበር፤ ጠንካራ ቅርፊቱ ጠፍቶ፣ የልጅነት ለስላሳ ቆዳ እስከ አዋቂነት ቆይቶ እንጂ ዘመድነቱ እንዳልተቋረጠ አሳየ። በዘረመል ጥናት ክርክሩ ቢቀጥልም በ2009 የታተመው ትልቁ የማይት ጥናት መማሪያ ሐሳቡን ተቀብሎ ምደባውን አስተካከለ። ለሁለት መቶ ዓመት ከአፈር ዘመዶቹ የተለየው የዱቄት ማይት በዚህ ተመልሶ ገባ።

ኖርተን በ1993 ከፖርቶ ሪኮ ያመጣት አንዲት ሴት ማይትም የራሷ ታሪክ አላት። ዝርያዋ «አርኬጎዜቴስ ሎንጊሴቶሱስ» ይባላል፤ ጃፓናዊው ጁንኢቺ አኦኪ በ1965 ከታይላንድ ናሙና የሰየመው ነው። ያለ ወንድ ስለምትራባ ከእሷ የተገኙት ልጆች በልዩ ልዩ አገሮች ቤተ ሙከራ ተሰራጭተዋል። በ2007 የታተመ የጀርመን ጥናት ይህች አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ማይት በጥፍሯ ሸካራ ነገር ይዛ የራሷን ክብደት 1,180 እጥፍ የሚሆን ጉተታ እንደምትቋቋም ለካ። በ2022 ደግሞ ሙሉ ዘረመሏ ተነቦ ታተመ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ2010ዎቹ ሩሲያውያኑ ሰርጌ ኤርሚሎቭ፣ ኤካቴሪና ሲዶርቹክና ሌኦኒድ ሪባሎቭ ከኢትዮጵያ ደኖች አፈር የተሰበሰቡ ኦሪባቲዶችን መርምረው ለሳይንስ አዳዲስ የሆኑ ዝርያዎችን ሰይመዋል። ጅምሩ የሚያስመሰግን ነው፤ የኢትዮጵያ መሬት ስፋትና ከፍታው የሚያፈራርቀው የአየር ጠባይ ሲታሰብ ግን የቀረው ሥራ እጅግ ይበዛል። የጎጃምና የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቆሙት ደኖች፣ የመናገሻ ሱባ ጽድ፣ የባሌው ሀረና፣ የከፋ የቡና ጥላ ሁሉም የየራሳቸው ቅጠልና የየራሳቸው አፈር አላቸው። አንድ የአጥቢያ ደን ሲመነጠር ከዛፎቹ ጋር የሚሄደውን የአፈር ሕዝብ ማንም አይቆጥረውም፤ ከጠፋ በኋላም መቁጠር አይቻልም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። አንድ የቆርቆሮ መቅጃ፣ አንድ ወንፊት፣ አንድ አምፖል፣ ትንሽ አልኮል፣ በየትምህርት ክፍሉ ያለ ማይክሮስኮፕና እንደ ማይክል ያለ ትዕግሥት ይበቃል። በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ የባዮሎጂና የእንስሳት ሕክምና መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ስትሰጡ አንዳንዶቹን ወደ ቅጠሉ ሥር ላኳቸው፤ የሚሰበስቡትንም ቀን፣ ቦታና ከፍታ ጽፋችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንዲቀመጥ አድርጉ።